«ማዳቀል» ያልሆነው ሕክምና፦ ልጅ ለመውለድ የሚሰጠው እገዛ ከባሕር ዳር ሲታይ

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ከነካካቸው ጉዳዮች አንዱ፣ ልጅ ያልያዘላቸው ባለትዳሮች በሕክምና የሚታገዙበት መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ከሐኪም ክፍል ወጥቶ የሻይ ቤት ወሬ ሆኗል። ወሬ ደግሞ ያሳጥራል። አራትና አምስት የተለያዩ ሕክምናዎች «ማዳቀል» በሚል አንድ ቃል ተጠቅልለው፣ አንዱ «በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ነው» ሲል ሌላው «ቤት ሸጦ አዲስ አበባ ካልተከረመ አይታሰብም» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ ችግሩ ስለተለያየ ነገር እያወሩ ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩ መምሰላቸው ነው።

ጥቅሉ ሲፈታ የሚገኘው እንደ መሰላል ያለ ነገር ነው። የታችኞቹ ደረጃዎች ርካሽና ቅርብ ናቸው፤ የላይኞቹ ውድና ሩቅ። ከጣና ዳር ተነስተው ልጅ የሚፈልጉ ባልና ሚስት ብዙ ጊዜ የሚጎዱት የላይኛው ደረጃ ስለራቃቸው ብቻ አይደለም፤ የታችኛውን ሳይረግጡ ዓመታት ስለሚያልፉባቸው ጭምር ነው።

ከላም ወደ ሰው የተሻገረው ቃል

በባሕር ዳርና በዙሪያዋ «ሰው ሠራሽ ማዳቀል» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ላም ነው። ከከተማዋ ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ፣ አንዳሳ ላይ ያለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል የፎገራን ከብት ዝርያ በመጠበቅና በማሻሻል ይታወቃል። በየገጠር ቀበሌው የሚዞረው አዳቃይም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ የተቀመጠ የኮርማ ዘር ይዞ ይሄዳል። እዚያ ዓላማው ግልጽ ነው፤ የሌላ ኮርማ፣ ብዙ ጊዜም የሌላ ዝርያ ዘር አምጥቶ ወተት የምትጨምር ድቅል ጊደር ማግኘት።

ቃሉ ወደ ሰው ሲሻገር ይህንኑ ትርጉም ተሸክሞ ይሻገራል። ድቅል፣ ማዳቀል፣ ዲቃላ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። «ማዳቀል ያስፈልጋችኋል» የተባለ ባል መጀመሪያ «የማን ዘር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሚስቱም ለእናቷ መናገር ቢያሳፍራት የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን ባልና ሚስት ላይ የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ የባልን ዘርና የሚስትን እንቁላል ማገናኘት ነው። የሚዳቀል ነገር የለም።

ታሪኩም ከላም አልጀመረም። የለንደኑ ሐኪም ጆን ሃንተር በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ የሽንት ቧንቧው ያለቦታው የተከፈተበትን አንድ ባል ዘሩን በስሪንጅ ወደ ሚስቱ እንዲያስገባ መክሮት ሴትየዋ ማርገዟ ተመዝግቧል። በፈረስና በከብት ላይ በስፋት የተሠራበት ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፣ ሩሲያ ውስጥ። «በሕክምና የታገዘ ተዋልዶ» የሚለው አጠራር ረዘም ቢልም ከ«ማዳቀል» ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

ዓመቱ ሳይሞላ

የዓለም ጤና ድርጅት የመውለድ ችግር አለ የሚለው፣ ባልና ሚስት መከላከያ ሳይጠቀሙ፣ ሳያቋርጡ 12 ወር ተገናኝተው እርግዝና ሳይመጣ ሲቀር ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከስድስት አዋቂዎች አንዱ በዕድሜው አንድ ወቅት ላይ ይህ ያጋጥመዋል። ከመቶ ጥንዶች ከ80 በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ስለሚያረግዙ፣ በአራተኛው ወር ሐኪም ቤት መሮጥ በአብዛኛው አያስፈልግም። የሴቷ ዕድሜ 35 ካለፈ ግን ስድስት ወር ይበቃል። የወር አበባዋ የሚጠፋ ወይም በጣም የተዘበራረቀ ከሆነ፣ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ ከባድ የማህፀን ኢንፌክሽን ይዟት ከነበረ፣ ወይም ባል የዘር ፍሬው በልጅነቱ ሳይወርድ ቀርቶ ከሆነ ምንም መጠበቅ የለበትም።

እዚህ ላይ ሁለት ስሌቶች ይሳሳታሉ። አንደኛው «ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን» የሚለው ነው። ባል በሥራ ምክንያት ሌላ ከተማ እየኖረ በወር አንዴ ብቅ የሚል ከሆነ ያ ሁለት ዓመት ሁለት ዓመት አይደለም። እርግዝና ሊመጣ የሚችለው በየወሩ እንቁላል የሚወጣበትን ቀን ጨምሮ በስድስት ቀን ውስጥ ብቻ ነው። ባል የመጣበት ቅዳሜና እሑድ ከዚያ ውጭ እየወደቀ ዓመቱ ሊያልፍ ይችላል፤ ሁለቱም ጤነኛ ሆነው።

ሁለተኛው ስለ ዲፖ መርፌ ነው። በየሦስት ወሩ የሚወጋው የእርግዝና መከላከያ «ማህፀን ያደርቃል» ይባላል። አያደርቅም። ግን ወሬው ከባዶ አልተነሳም፤ መርፌው ከሌሎቹ መከላከያዎች ይልቅ ከሰውነት ለመውጣት ይዘገያል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እርግዝና እስኪመጣ ዘጠኝና አሥር ወር መቆየቱ የተለመደ ነው። ክኒንና በክንድ ውስጥ የሚቀበረው መከላከያ እንዲህ አያዘገዩም። በቶሎ ልጅ ለማሰብ ላቀደች ሴት ይህን አስቀድሞ የሚነግራት ባለሙያ ቢኖር ብዙ ጭንቀትና ብዙ ሐሜት ይቀር ነበር።

የመጀመሪያው ብልቃጥ የባል ነው

ከልጅ ማጣት ችግሮች ግማሽ በሚጠጉት ላይ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ ብቻውን ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ። የወንዱ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም የሚረክሰው፣ የማያመውና በአንድ ቀን የሚያልቀው ነው። እንዲህም ሆኖ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይደረጋል። ሚስት አልትራሳውንድ ተነስታ፣ ሆርሞን ተለክታ፣ ሁለት ጠበል ተጠምቃ፣ የማህፀን ቱቦ ራጅ ተነስታ ሁሉም ደህና ሲሆን ነው «እስቲ እሱም ይምጣ» የሚባለው። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ በእኛ አነጋገር የወንድነት ችሎታና የዘር ጤንነት አንድ ተደርገው ይታያሉ። በሕክምና ግን የማይገናኙ ሁለት ነገሮች ናቸው። በግንኙነት ምንም እንከን የሌለበት ሰው የዘር ፈሳሹ ውስጥ አንድም ስፐርም ላይኖር ይችላል፤ በዓይን በማየትም አይለይም።

ምርመራው ራሱ ጥቂት ሕግ አለው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት መታቀብ፤ ሳሙና፣ ምራቅ ወይም ተራ ኮንዶም አለመጠቀም፤ የመጀመሪያዋ ጠብታ ብዙ ስፐርም ስለምትይዝ እሷን አለማፍሰስ። ናሙናው ላቦራቶሪ መድረስ ያለበት በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ የሰውነት ሙቀቱን እንደያዘ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር የሚኖር ሰው ቤቱ ሰጥቶ፣ ብልቃጡን በጃኬቱ የውስጥ ኪስ አድርጎ፣ በባጃጅ ይደርሳል። ከዘጌ በጀልባ ለሚመጣው ግን ሰዓቷ ሐይቁ ላይ ታልቃለች፤ ከደቅ ደሴት ለሚመጣውማ የሚታሰብ አይደለም። ለእነዚህ ሰዎች ያለው አማራጭ እዚያው ጤና ተቋሙ መስጠት ብቻ ነው፤ በየቦታው የሚሰጣቸው ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው በር የሚያንኳኳበት ሽንት ቤት ነው። ከመሣሪያ ሁሉ በፊት አንድ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል ስንት ምርመራ እንደሚያቃና የሚያስብ ሥራ አስኪያጅ ያስፈልጋል።

ውጤቱ የሚመጣው ቁጥር በበዛበት ወረቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው መነጻጸሪያ መጠኑ 1.4 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ ከመቶ 42 የሚንቀሳቀስ፣ ከመቶ 4 ቅርጹ የተስተካከለ ነው። በዚህ የመጨረሻ ቁጥር ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ «96 ከመቶው የተበላሸ ነው ተባልኩ» ብሎ የሚወጣ አለ። ጤናማ ወንድም እንዲሁ ነው። ቁጥሮቹ የተወሰዱት ሚስቶቻቸው በ12 ወር ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች ነው፤ ከእነሱ መካከል ከመቶ አምስቱ ከዚህ መስመር በታች ነበሩ፤ ወልደዋልም። ከመስመሩ በታች መሆን ዕድሉን ይቀንሳል እንጂ «መካን» የሚል ማኅተም አይደለም።

አንድ ወረቀትም አይበቃም። ስፐርም ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል። ስለዚህ የዛሬው ናሙና የሚያሳየው የዛሬውን ጤና ሳይሆን ያለፉትን ሳምንታት ነው። ይህ ለጣና ዳር ሰው ልዩ ትርጉም አለው፤ ክረምቱ ወጥቶ ወባ በሚበረታበት በመስከረምና በጥቅምት ከባድ ትኩሳት የያዘው ሰው በኅዳር ቢመረመር ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። መድገም የሚገባው ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ነው። ጡንቻ ለማፈርጠም የሚወሰድ የቴስቶስትሮን መርፌም ስም ሊጠቀስ ይገባዋል፤ ወንድነት ይጨምራል ተብሎ ሲወሰድ የስፐርም ምርትን ሊያቆመው ይችላል።

እንቁላልና ቱቦ

በሴቷ በኩል ሁለት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፤ እንቁላል በየወሩ ይወጣል ወይ? ወደ ማህፀን የሚመጣበት ቱቦስ ክፍት ነው?

የመጀመሪያው ችግር ከሆነ ዜናው መልካም ነው። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መዛባት በክኒን ይስተካከላል። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው፣ እንቁላሎች ሳይበስሉ ኦቫሪ ላይ የሚከማቹበት ችግር፣ ለአምስት ቀን በሚዋጥ ሌትሮዞል ወይም ክሎሚፊን ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በነገራችን ላይ አልትራሳውንድ ላይ «ሲስት ታየ» መባልና ይህ ችግር አንድ አይደሉም፤ ተራ ሲስት በየወሩ መጥቶ የሚሄድ ነገር ነው። ማዮማ የሚባለው የማህፀን ዕጢም እንዲሁ ስሙ ከሥራው ይገዝፋል። ማህፀን ውስጠኛው ክፍል ውስጥ ከገባ ፅንስ እንዳይቀመጥ ያደርጋል፤ ከውጭ ቆዳው ላይ ያለ ግን ብዙ ጊዜ ተጠያቂ አይደለም።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። በአፍሪካ የቱቦ መዘጋት ድርሻው ከሌላው ዓለም ይበልጣል። መንስኤዎቹ በግንኙነት የሚተላለፉትና በጊዜ ያልታከሙ ክላሚዲያና ጨብጥ፣ ንጽሕናው ባልተጠበቀ ወሊድ ወይም ውርጃ የሚገባ ኢንፌክሽን፣ አንዳንዴም ሳንባን ሳይነካ ማህፀን ላይ ያረፈ ቲቢ ናቸው። ክላሚዲያ ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ፣ ሴቷ መታመሟን የምታውቀው ከዓመታት በኋላ ልጅ ሲቀርባት ነው። ቱቦው መከፈቱ የሚታወቀው በማህፀን በር በኩል ቀለም ተረጭቶ በሚነሳ ራጅ ነው፤ የወር አበባ ካቆመ በኋላ ባሉት ቀናት ይሠራል፣ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያማል፣ በደቂቃዎች ያልቃል።

ስለ ሐይቁ አንድ ነገር። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ ስላለ «የሐይቁ ውኃ ነው ያመከናት» የሚል ግምት ይሰማል። የብልት አካላትን የሚጎዳው ቢልሃርዝያ በሽንት ፊኛ ዙሪያ የሚኖረው ዓይነት ነው፤ እሱ በኢትዮጵያ የሚገኘው እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላ ቦታዎች ነው። የጣናው አንጀት ላይ የሚኖረው ነው። መታከም አለበት፤ ልጅ ለማጣት ግን ቀዳሚው ተጠርጣሪ አይደለም።

ወደ ማህፀን በቀጥታ ማስገባት

«ማዳቀል» የሚለውን ስም በትክክል የወረሰው ሕክምና ይህ ነው፤ በባለሙያዎች አጠራር አይ ዩ አይ። የባል የዘር ፈሳሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ታጥቦ፣ ጠንካራ ዋናተኞቹ ስፐርሞች ተለይተው፣ እንቁላል በሚወጣበት ሰዓት በቀጭን ቱቦ ወደ ማህፀን ውስጥ ይገባሉ። ሴቷ ምንም ማደንዘዣ አያስፈልጋትም፤ ጥቂት ተኝታ ትነሳለች። ማጠቡ የይስሙላ አይደለም። ፈሳሹ ሳይታጠብ ማህፀን ውስጥ ቢገባ በውስጡ ያለው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ኃይለኛ ቁርጠት ያስነሳል፤ ኢንፌክሽንም ሊያስገባ ይችላል። «ቤት ውስጥ እንሞክረው» ለሚሉ ይህ መታወቅ አለበት።

ለማን ይሆናል? የስፐርም ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ላለበት፣ ግንኙነት በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ለሚያስቸግራቸው፣ ምርመራ ሁሉ ደህና ሆኖ እርግዝና ለቀረባቸው። ቢያንስ አንድ ቱቦ ክፍት መሆን ግን ግዴታ ነው፤ እንቁላልና ስፐርም የሚገናኙት አሁንም ቱቦ ውስጥ ስለሆነ። ሁለቱም ቱቦ የተዘጋባት ሴት አሥር ጊዜ ቢሠራላት ውጤቱ ዜሮ ነው። የቱቦ ራጅ ሳይነሳ ይህን ሕክምና የሚጀምር ተቋም ካለ ሌላ ተቋም መፈለግ ይሻላል።

ዕድሉ መጠነኛ ነው፤ በአንድ ዙር ከመቶ ከ10 እስከ 15 ቢሆን ጥሩ ነው፣ ዕድሜ ሲገፋ ያንሳል። በአንድ ሙከራ ተስፋ መቁረጥም፣ ስምንት ጊዜ መደጋገምም ትርጉም የለውም። ሦስት ወይም አራት ዙር ተሞክሮ ካልሆነ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ማለፍ ነው።

ከአካል ውጭ

አይ ቪ ኤፍ እንቁላሉ ከሴቷ ወጥቶ ከስፐርም ጋር ላቦራቶሪ ውስጥ የሚገናኝበት፣ ፅንሱ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ካደገ በኋላ ወደ ማህፀን የሚመለስበት ነው። በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ሕፃን ሉዊዝ ብራውን የተወለደችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 እንግሊዝ አገር ኦልድሃም ከተማ ነው። ሥራውን የመሩት ሮበርት ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ልጆች ተወልደዋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን የሉዊዝ እናት ችግር ምን እንደነበር ነው፤ ሁለቱም ቱቦዎቿ ዝግ ነበሩ። ሕክምናው ከመጀመሪያው የተፈለሰፈው በአፍሪካ ለበዛው ችግር ነው፤ አገልግሎቱ ያነሰው ደግሞ እዚሁ አፍሪካ ነው።

የስፐርሙ ቁጥር በጣም ላነሰ ወንድ እ.ኤ.አ. በ1992 ብራስልስ ውስጥ ውጤታማነቱ የታየው ኢክሲ አለ፤ በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ ስፐርም ተመርጦ በመርፌ እንቁላሉ ውስጥ ይከተታል። በፈሳሹ ውስጥ ምንም ያልተገኘበት ሰውም አንዳንዴ ከዘር ፍሬው በቀጥታ ሊወሰድለት ይችላል።

ተስፋና ውጤት የሚራራቁት በቁጥር ሲታይ ነው። አንዲት ሴት ለአሥር ቀን ያህል የሆርሞን መርፌ ተወግታ አሥር እንቁላል ወጣላት እንበል። ስምንቱ የበሰሉ ይሆናሉ፤ ስድስቱ ፅንስ ይሆናሉ፤ አምስተኛው ቀን ላይ ሁለት ወይም ሦስት ይቀራሉ። ከእነዚያ አንዱ ወደ ማህፀን ሲገባ፣ ልምድ ባላቸው ማዕከላት ከ35 ዓመት በታች ለሆነች ሴት ከሦስት ሙከራ አንዱ ገደማ ልጅ ይሆናል። በራሷ እንቁላል ለምትሞክር ከ42 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። «ዋስትና አለው» የሚል ማስታወቂያ እነዚህን ቁጥሮች መጋፈጥ አለበት።

«መንታ ይሁንልን» የሚለው ልመናም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለትና ሦስት ፅንስ ማስገባት ዕድል የሚጨምር ይመስላል፤ ነገር ግን ያለጊዜው የሚወለዱ ሕፃናትን ያበዛል፣ የእናትየውን የደም ግፊትና የደም መፍሰስ አደጋም ይጨምራል። የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ አልጋ በማይበቃበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ርቀቱ የሚያስከፍለው

በመንግሥት ደረጃ የተሟላ የመካንነት ሕክምና ማዕከል የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። የግል ማዕከላቱም በብዛት ያሉት እዚያው ዋና ከተማው ውስጥ ነው። ባሕር ዳር እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ያሉ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች አሏት፤ ታዲያ አይ ቪ ኤፍን ማስፋፋት ለምን ከበደ? መልሱ ሐኪም ማጣት ብቻ አይደለም። ፅንስ የሚያድገው 37 ዲግሪ ላይ ሳይዛነፍ በሚቆይ ኢንኩቤተር ውስጥ ነው፤ መብራት ለጥቂት ጊዜ ቢጠፋና ጄኔሬተሩ ቢዘገይ የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ጥረት ይበላሻል። የተጣራ አየር፣ የማያቋርጥ ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከሁሉም በላይ ፅንስን በእጁ የሚይዝ ኢምብሪዮሎጂስት የሚባል የላቦራቶሪ ባለሙያ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው በሳምንት ሥልጠና አይገኝም።

መድኃኒቱ ከውጭ ይገባል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ መርፌው በዶላር የሚገዛ ስለሆነ ጭማሪው ቀጥታ ታካሚው ላይ ያርፋል። ከዚያ መንገዱ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የአስፋልት ጉዞ ቀኑ የማይታወቅ አድርጎታል፤ ይህ ሕክምና ደግሞ ቀን የሚቆጥር፣ እንዲያውም ሰዓት የሚቆጥር ነው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት የሚሆነው ጉዞ ለሁሉም ኪስ አይሆንም። ብዙዎች የሚያደርጉት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ወይም በኪራይ ክፍል ሦስት ሳምንት መክረም ነው። ባል ከሥራው ስንት ቀን ፈቃድ ያገኛል? የሚስት ሱቅ በማን ይጠበቃል? ከሕክምናው ሂሳብ ላይ የማይጻፈው ወጪ ይኸው ነው።

እምነትና ሕግ

በጣና ዙሪያ ልጅ የቀረበት ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ጠበል ነው፤ ስለትም ይሳላል። ይህን ከሕክምና ጋር ማጋጨት አይጠቅምም፤ ሁለቱን አብሮ የሚያስኬድ ሰው ብዙ ነው። የሚጎዳው «ሐኪም ቤት ከሄድሽ እምነት ጎደለሽ» የሚለው ብቻ ሲሆን፣ እሱም ዕድሜን ስለሚበላ ነው።

በሃይማኖቶች መካከል ያለው ክርክር በዋነኝነት የሚነሳው በሦስተኛ ወገን ላይ ነው። የግብጹ የእስልምና ትምህርት ማዕከል አል አዝሃር እ.ኤ.አ. በ1980 በሰጠው ፈትዋ፣ በጋብቻ ውስጥ በባልና በሚስት ዘር እስከሆነ ድረስ አይ ቪ ኤፍን ፈቅዷል፤ የሌላ ሰው ዘር ወይም እንቁላልን ከልክሏል፤ አብዛኛው የሱኒ ዓለም ይህን ይከተላል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችው ትምህርት ከአካል ውጭ የሚደረገውን ፅንስ በጠቅላላ አልተቀበለችም፤ መፅነስ ከባልና ሚስት ግንኙነት መነጠል የለበትም የሚለው ዋናው ምክንያቷ ሲሆን፣ ፅንሶች ይጣላሉ የሚለው ሥጋትም አለበት። በኦርቶዶክሳውያን ምእመናን ዘንድም ይህ ሥጋት ይነሳል፤ የተረፈው ፅንስ ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ መልስ አለው፤ ባልና ሚስቱ ከመጀመሪያው «ጥቂት እንቁላል ብቻ ይጽነስልን፣ የተረፈ አይኑር» ማለት ይችላሉ። ዕድሉ ይቀንሳል፤ ኅሊና ግን ያርፋል። ይህን ምርጫ ሐኪሙ ሳይጠየቅ ማቅረብ አለበት።

ፅንስ የሚያቀዘቅዙ ደግሞ ከመፈረማቸው በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ይያዙ፦ ቢፋቱ ወይም አንዳቸው ቢሞቱ የፅንሱ ዕጣ ምን እንደሚሆን፣ የማቆያው ክፍያ ሲቋረጥም ምን እንደሚደረግ። በየአገሩ ፍርድ ቤቶችን ያጨናነቀው ክርክር ከዚህ የተነሳ ነው።

ልጅን የራስ ማድረጊያ መንገድ ይህ ብቻ እንዳልሆነም ይታወቃል። ጎጃምና ጎንደር የሌላ ሰው ልጅ የራስ የሚደረግበት የጡት ልጅና የማር ልጅ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ዜጎች ጉዲፈቻ መስጠትን ካቆመች ወዲህ፣ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ የበለጠ ትኩረት አግኝቷል። ነገር ግን ጉዲፈቻን ሕክምና ለሚፈልግ ሰው እንደ ምክር መወርወር፣ ሁለቱንም ማሳነስ ነው።

በማን ገንዘብ?

አንድ ክርክር ተደጋግሞ ይነሳል። እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት አገር የሕዝብ ገንዘብ ለአይ ቪ ኤፍ ማዋል ቅንጦት ነው ይላሉ አንዳንዶች። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል አንዲት ሴት በአማካይ 3.7 ልጅ ትወልድ ነበር፤ በዚህ አማካይ ውስጥ ያልወለደችው አትታይም። በሌላ በኩል ያሉት እንዲህ ይመልሳሉ፤ ልጅ ያጣች ሴት ትፈታለች፣ ትሰደባለች፣ ውርስና ጧሪ ታጣለች፤ ይህ የጤና ጉዳይ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ሁለቱም ወገን የሚስማሙበት አንድ ሥፍራ አለ ብዬ አስባለሁ፤ የቱቦ መዘጋትን የሚያመጡት ኢንፌክሽኖች ርካሽ መድኃኒት አላቸው። ጨብጥና ክላሚዲያን ባልና ሚስትን አብሮ ማከም፣ ወሊድን በጤና ተቋም ማድረግ፣ እነዚህ ከአንድ አይ ቪ ኤፍ ወጪ በታች ብዙ ቱቦ ያድናሉ። ዛሬ ቱቦዋ ለተዘጋባት ሴት ግን መከላከል አርፍዷል።

ለእሷ ሌላ አገር የተሞከረ አሠራር አለ። አይ ቪ ኤፍን ሙሉ በሙሉ ባሕር ዳር ማምጣት ዓመታት ቢፈጅም፣ ክፍሎቹን መከፋፈል ይቻላል። ምርመራው ሁሉ፣ የየቀኑ የሆርሞን መርፌና እንቁላሎቹ ምን ያህል እንዳደጉ የሚለካው አልትራሳውንድ እዚሁ ይሠራል፤ ልኬቱ አዲስ አበባ ላለው ማዕከል በስልክ ይላካል፤ ባልና ሚስት የሚጓዙት እንቁላል ለማውጣትና ፅንስ ለማስገባት ብቻ ነው። የሚያስፈልገው የሠለጠነ አልትራሳውንድ ባለሙያ፣ ሆርሞን የሚለካ ላቦራቶሪና በሁለት ተቋማት መካከል የጽሑፍ ስምምነት ነው። ሦስቱ ሳምንት ወደ አንድ ሳምንት ይወርዳል። እንቁላሉን ለመጨረሻ ጊዜ የሚያበስለው መርፌ ከተወጋ በኋላ 36 ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ቢወጋ፣ እንቁላሉ የሚወጣው ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ነው፤ በመካከሉ ለመጓዝ ሙሉ ማክሰኞ አለ።